አሻራ ለብቻ አይወጣም

ጋምቤላ መሬት ላይ ከመቆርቆሯ በፊት ወረቀት ላይ ታትማለች። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ያደረጉት የወሰን ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ የባሮን ወንዝ ተከትሎ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ፈቀደ። ያው ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር የቱ እንደሆነ ሲገልጽ አብሮት በተያያዘው ካርታ ላይ በቀይ የተሰመረውን መስመር ይጠቅሳል። ካርታው በሁለት ቅጂ ተሠራ፤ ውሉ ላይም የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ዐረፈበት። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ወደ ጋምቤላ እየወጡ፣ የኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ጀመር። የጣቢያው ዘመን ያበቃው ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ ነው። ቀዩ መስመር ግን እስከ ዛሬ አለ። የባሮን፣ የፒቦርንና የአኮቦን ወንዞች እየተከተለ የአኙዋንም የኑዌርንም ሕዝብ ወዲህና ወዲያ ማዶ አድርጎ አስቀርቷል።

ስለ ሥነ ጥበብ ልጽፍ ተነሥቼ ከውል የጀመርኩት ማኅተምና ኅትመት የአንድ ቃል ልጆች በመሆናቸው ነው። ሥራቸውም አንድ ነው። ማኅተም ቀራጩ ፊደሉን ገልብጦ ይቀርጻል፤ በግራ ያለው በቀኝ እንዲወጣ። ቀለም ይቀባና ወረቀቱ ላይ ይጫናል። ሲነሣ ማኅተሙ ራሱ እዚያ የለም፤ የቀረው የመነካቱ ምስክር ነው። የኅትመት ሠዓሊም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጣውላውን በመሮ ይፈለፍላል፤ የፈለፈለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልነካው ቦታ ቀለም ይይዛል። ወረቀት ያለብስና በማተሚያ ይጫነዋል፤ ማተሚያ ከሌለው ጀርባውን በማንኪያ ያሻል። ከዚያ ወረቀቱን በጥፍሩ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይገልጣል። ሥዕል በሸራ ላይ ብቻውን ያድጋል። ኅትመት ግን ሁለት ገላ ካልተገናኘ አይወለድም። ለዚህ ነው በእኔ እምነት የሰውን ልብና የሰዎችን ግንኙነት ለመመርመር ከዚህ የተሻለ የጥበብ ዘርፍ የሌለው፤ የሚናገርለት ጉዳይ አሠራሩ ውስጥ አስቀድሞ ስላለ።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ኖርዌያዊው ኤድቫርድ ሙንክ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1899 በሠራው «ሁለት ሰዎች» በሚባለው የእንጨት ኅትመት ወንድና ሴት ባሕር ዳር ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ሁለቱም የሚያዩት ውኃውን ነው፤ እርስ በርስ አይተያዩም። በመካከላቸው አንድ እርምጃ የምታህል ክፍተት አለች። ሙንክ ይህንን ሲሠራ ጣውላውን በቀጭን መጋዝ ቆራርጦታል። ክፍሎቹን ለየብቻ ቀለም ቀብቶ እንደ ገና እየገጠመ አንድ ላይ ያትማቸዋል። መጋዙ ያለፈበት ቦታ ቀለም ስለማይይዝ በምስሉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ብቸኝነትን በፊታቸው ገጽታ ሊነግረን አልሞከረም፤ ፊታቸውንም አላሳየንም። እንጨቱን ቆረጠው፣ አስጠግቶም ገጠመው። ስንጥቁ ግን አልጠፋም። ተፋቅረው አብረው በኖሩ ሁለት ሰዎች መካከል ያለውን፣ አፍ አውጥተው የማይናገሩትን ነገር ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ዘዴ አላየሁም።

ሌላዋ ኩባዊቷ ቤልኪስ አዮን ናት። ሃቫና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ተወልዳ በ32 ዓመቷ በገዛ እጇ ያለፈች። የእርሷ ዘዴ ኮሎግራፊ ይባላል፤ ካርቶን ላይ ወረቀት፣ አሸዋ የመሰለ ሻካራ ነገርና ሌላ ቁርጥራጭ እየለጠፉ ገጹን ከገነቡ በኋላ በቀለም ማተም ነው። የምትሠራው ለወንዶች ብቻ ስለተፈቀደው፣ አባኩዋ ስለሚባለው ምሥጢራዊ ማኅበር ነበር፤ ምሥጢሩን አወጣች ተብላ ስለተሠዋች ሲካን ስለምትባል ሴት። ብዙ የወረቀት ገጾችን አጋጥማ ግድግዳ የሚሞላ ምስል ታቆማለች፤ የሰዎቹ ቁመትም የተመልካቹን ያህላል። ዓይናቸው አፍጥጧል፤ አፍ ግን የላቸውም። እዚያ ፊት የሚቆም ሰው ተመልካች ሆኖ አይቆይም፤ እየታየ መሆኑ ይሰማዋል። ኅትመት ከክፈፍ ወጥቶ ኢንስታሌሽን የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ክፍሉን ይይዛል፣ ሰው በመካከሉ ያልፋል፣ ጥያቄውም ከምስሉ ወደ ተመልካቹ ይዞራል።

በአገራችን ኅትመት ዘመናዊ ትምህርት የሆነው ዘግይቶ ነው። ሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በተከፈተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ኅትመትን ያስተማረው ሃምቡርግ ተወልዶ ብራዚልን አገሩ ያደረገው ሃንሰን ባሂያ ነበር። ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. እዚህ ቆይቷል። ከእርሱ ተማሪዎች አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። ዘሪሁን በጣውላ አልቆሙም፤ ሸማኔ የሚጠቀምበትን የቀርከሃ ስንጥር ጎን ለጎን ደርድረው ገጽ አደረጉት፣ የክታብን ዓይንና የክታብን መልአክ በላዩ አወረዱበት። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ሲሸለሙ ዓለም ያየው ይህንን ነው።

ክታቡን ጠቅሼ ማለፍ አልችልም። ደብተራው ለታመመ ሰው ክታብ ሲያዘጋጅ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥላል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። በላዩ የሚሣሉት ትላልቅ ዓይኖች በሽተኛው እንዲያያቸው፣ በእርሱ ያደረው መንፈስም እንዲያያቸው ነው። ይህ በሰው ልክ የተሠራ፣ ለአንድ ሰው ጭንቀት የተሰናዳ ምስል ነው። ከኢንስታሌሽን የሚለየው ስሙ ብቻ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ስለ ሰው ሥነ ልቦና የሚጠይቅ ጥበብ ከውጭ እንዳመጣን የሚሰማን ከሆነ፣ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ረስተን ነው።

ከቅርቦቹ ኤፍሬም ሰለሞንን አነሣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 አዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሠዓሊ እንጨት እየፈለፈለ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር እያዋሃደ ይሠራል። ደጋግሞ የሚመለስባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ወንበርና ነጠላ ጫማ። ወንበሩ ባዶ ነው። የተቀመጠበትን አናየውም፤ ግን ማን እንደሚቀመጥበትና ማን ፊቱ እንደሚቆም እናውቃለን። በነጠላ ጫማውና በወንበሩ መካከል ያለው ርቀት ነው የሥራው ጉዳይ። አንድም ፊት ሳይሣል ስለ ገዢና ተገዢ ልብ ይህን ያህል መናገር የሚቻለው መሮ በያዘ እጅ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም መሮ የሚናገረው በሚያነሣው ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ባሮ ልመለስ። ጋምቤላ ውስጥ ለዚህ ሁሉ የሚሆን የኅትመት ማዕከል የለንም ብሎ ማዘን ይቻላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፤ ከማንኛውም የአገራችን ክፍል ይልቅ ምልክት፣ አሻራና የሰው ግንኙነት የተወሳሰቡበት ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ጋምቤላ የሚወጣው በአብዛኛው የግጭት ዜና ወይም የቱሪስት ፎቶግራፍ መሆኑ። ዜናው ቁጥር ይዘግባል፤ ፎቶግራፉ ግንባር ያሳያል። በሁለቱም ውስጥ ሰው የለም።

ስለ ግንባር ከተነሣ፣ የኑዌር ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘልቁ ስድስት መስመሮች በቢላ ይቆረጡለታል። በኑዌርኛ «ጋር» ይሉታል። ከአማርኛው «ጋር» ጋር መገጣጠሙ የድምፅ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም። ነገር ግን ይህን ግጥምጥሞሽ ከሰማሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ምልክቱ የሚሠራው በትክክል ያንኑ ነው። በአንድ ወቅት አብረው የተቆረጡ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን የሚዘልቅ እኩያነት ይኖራቸዋል። የተቆረጠ ወንድ ከዚያ በኋላ ላም አያልብም፤ ከእናቱና ከእኅቶቹ ጋር ያለው ቦታ ተለውጧል። የጎሳ መለያ ብለን የምናልፈው ጠባሳ፣ ለባለቤቱ «ከእነማን ጋር ሆኜ አመመኝ» የሚለው መዝገብ ነው። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ይህን ትተዋል፤ በትምህርትም በሃይማኖትም ምክንያት። ያልተቆረጠው ልጅ ከተቆረጠ አባቱ ጋር አንድ ማዕድ ሲቀርብ በመካከላቸው የሚያልፈውን ነገር የሣለው ሰው ግን አላውቅም።

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኤቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው የኑዌር ጥናት ውስጥ ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ሰው የገደለ ሰው በቀጥታ ወደ ነብር ቆዳ ለባሹ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሌው ደሙን እስኪያፈስስለት እህል ውኃ አይቀምስም። ሽማግሌው በዓሣ መውጊያ ጦር ክንዱ ላይ ወደ ታች ይሰነጥቀዋል፤ ደሙ ይፈስሳል። የሟቹ ደም በገዳዩ ውስጥ ገብቷል ተብሎ ስለሚታመን መውጫ ሊከፈትለት ይገባል። የሟችና የገዳይ ወገኖች ደግሞ ጉዳዩ በከብት ካሣ እስኪያልቅ ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም፤ ካሣው በዚያን ዘመን አርባና ሃምሳ ከብት ይደርስ ነበር።

ይህንን እንደ ባህል ትርኢት አንብቦ ማለፍ ይቻላል። እኔ የማነብበው ግን ስለ ጸጸት የተጻፈ ብርቱ ነገር አድርጌ ነው። የገደልከው ሰው በውስጥህ ታትሟል ይላል። አንተ ጋር የቀረውን የእርሱን ነገር ለብቻህ ልትሸከመው አትችልም፤ በገላህ ላይ መስመር ተከፍቶ መታየት አለበት፣ የሚከፍተውም ሌላ ሰው ነው። የዘመናችን የሥነ ልቦና ሐኪም በክሊኒክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደዚሁ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል።

የአኙዋው ደግሞ ሌላ ነው። አኙዋ በልማድ የሚያጭበት ጥሎሽ «ዲሙይ» የሚባል አሮጌ የመስታወት ዶቃ ነው። አዲስ የሚሠራው የለም፤ ያለው ከአባቶች የወረደው ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድም ሚስት የሚያገባው እኅቱ ስታገባ በገባው ዶቃ ነው፤ ያው ዶቃ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ትውልዶችን ያስተሳስራል። ዶቃውን የያዘች እጅ ከእርሷ በፊት ስንት እጅ እንደነካው አታውቅም። ማኅተም ብዙ ወረቀት ያትማል፤ ዲሙይ በተቃራኒው አንዱ ነገር የብዙ ሰው እጅ እያረፈበት የሚኖር ነው። ከኅትመት ጋር የሚያገናኘኝ ይህ ነው፤ ግንኙነት በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚመዘን ዕቃ ሲሆን።

ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ ስለ ጋምቤላ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ሁለት ሕዝቦች ማንነት አረዳድ አነጻጽሯል። አኙዋ ማንነቱን ከመሬትና ከትውልድ ሐረግ ጋር አስሮ ወሰኑን ይጠብቃል። ኑዌር የመጣውን በጋብቻና በአብሮነት ኑዌር አድርጎ ያስገባል። ይህን ሳነብ ለዓመታት ያልገባኝ ነገር ተገለጠልኝ። አንዱ «ግባ» ሲል ሌላው «ልዋጥ ነው» ብሎ ይሰማል፤ አንዱ «ይህ የእኔ ነው» ሲል ሌላው «ተባረርኩ» ይላል። ክፋት ያለው በሁለቱም ልብ ላይሆን ይችላል፤ ግን አንዱ ጣውላ ለሌላው ተገልብጦ ነው የሚታየው። እኔ ራሴ ጋምቤላ ውስጥ «ደገኛ» ከሚባሉት ወገን ነኝ። ይህ ቃል መጀመሪያ ሲጠራብኝ ከፍቶኝ ነበር። እኛ በሌላው ላይ የምናትመው ስም ምን ያህል እንደሚጎረብጥ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

ከዚያ ደግሞ ስደተኛው አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ከ300 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጄዊ፣ በንጉኒዬል፣ በፑኝዶ መጠለያዎች የተመዘገቡት ስደተኞች ያንን ቁጥር የሚስተካከሉ፣ በአንዳንድ ዓመታትም የሚበልጡ ሆኑ። ሲመዘገቡ ዐሥር ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ የዓይናቸው ብሌንም ይነሣል። ራሽን የሚሰጣቸው በዚያ ነው። አሻራ የማንነት ማረጋገጫ መሆኑ ትክክል ነው፤ ያለ እርሱ የሚራብ ሕፃን ይኖራል። ነገር ግን መስታወቱ ላይ ጣቷን ያሳረፈች እናት በዚያች ቅጽበት ከማንም ጋር አልተገናኘችም። መሣሪያው ነካት እንጂ ሰው አልነካትም። አሻራዋ ተወስዷል፤ የእርሷ እጅ ግን በማንም ላይ አላረፈም። ለእኔ የኅትመት ጥበብ ጋምቤላ ውስጥ ሊመልሰው የሚገባው ይህ ነው፤ አሻራ የሚወሰድ ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም እንዲሆን።

ስለ ነጩ ቦታም መናገር አለብኝ። በእንጨት ኅትመት ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ተነሥቶ የተወሰደው ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ከ200 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትን ወሰዱ። ከሕፃናቱ ብዙዎቹ በኋላ ተመልሰዋል፤ ያልተመለሱም አሉ። ልጇ የተወሰደባት እናት ቤት ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ የልጁን ቅርጽ ይዞ ይኖራል፤ የመኝታው ቦታ፣ የሚበላበት ቅል፣ ከጭቃ የሠራት በሬ። የኑዌር ልጆች ከብት ጠባቂ ለመሆን ከመብቃታቸው በፊት ከጭቃ በሬ ይሠራሉ፤ የጭቃዋ በሬ ጎን ላይ የአውራ ጣት አሻራ ደርቆ ይቀራል። ይህንን የሚያክል ሐዘን በሥዕል መሙላት ድፍረት ይመስለኛል። መሮ የያዘ ሰው ግን ሊሞላው አይገደድም። ባዶውን ባዶ አድርጎ፣ በዙሪያው ያለውን ብቻ ቀለም ቀብቶ ሊያትመው ይችላል።

እንዲህ ስል ከአዲስ አበባ አንድ ሠዓሊ በአውሮፕላን መጥቶ፣ የግንባር ጠባሳ ኮርጆ፣ በጋለሪ እንዲሰቅል አይደለም የምመኘው። ያ ዓይነቱን ሥራ አይቻለሁ፤ ጠባሳው ጌጥ ሲሆን ሰውየው ይጠፋል። የምለው ሌላ ነው። ኅትመት ርካሽ ጥበብ ነው። ጣውላ፣ መሮ፣ ቀለም፣ ወረቀት፣ ማንኪያ ካለ ይበቃል። ሃንሰን ባሂያ አዲስ አበባ ላይ በሦስት ዓመት የዘራው ነገር ስድሳ ዓመት ኖሯል። ክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አለው፣ ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ በትምህርት ቤቶቹም የመሣል ፍቅር ያላቸው ልጆች አሉ። ዛሬ በመሥራቹ ስም የሚጠራው የዓለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት መምህራን አንድ ክረምት ወርደው አብረው ቢቀመጡ፣ ከአኙዋ፣ ከኑዌር፣ ከመዠንግር፣ ከኦፖ፣ ከኮሞ፣ ከደገኛና ከስደተኛ የሆኑ ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ጣውላ ይፈለፍላሉ። ማተሚያ ስለማይኖር አንዱ ወረቀቱን ይይዛል፣ ሌላው ያሻል። ወረቀት ሳይንሸራተት ለብቻ ማተም ከባድ ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ በግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ እለምናለሁ። ስስ ወረቀት ላይ ታትሞ ከማንጎ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከገመድ ላይ ይንጠልጠል፤ ሰው በመካከሉ ይለፍ። ስስ ወረቀት ላይ የታተመ ምስል ብርሃን ሲያልፍበት ከጀርባው በኩል ተገልብጦ ይታያል፤ ማለትም ቀራጩ ጣውላው ላይ ሲፈለፍል እንዳየው። ከፊት የቆመው ተመልካች የደረሰውን ያያል። ዞሮ ከኋላ የቆመው የተቀረጸበትን ያያል። በነፋስ ሲወዛወዝ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች በወረቀቱ ውስጥ እርስ በርስ ጥላቸውን ያያሉ። ቅጂዎቹ ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባም፣ ወደ ጁባም፣ ወደ ባሕር ማዶም ይሂዱ፤ ኅትመት የተፈጠረው ለመሄድ ነው። የተፈለፈሉት ጣውላዎች ግን ቀለማቸውን እንደያዙ ጋምቤላ ይቅሩ፤ ሌላ ወረቀት የሚያለብሳቸው ሰው እስኪመጣ።